የፊልጶስ ቶርኖ

የአዳሙ ወላጆች ቤት መካነ ብርሃን ላይ የተቃጠለው በጠራራ ፀሐይ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ታሞ ሲሞት «ቡዳው በላው» ተባለ። እናቱ አዳሙን በነጠላዋ ጠቅልላ ከእሳቱ አወጣችው፤ እሷ ግን ሳምንት አልቆየች። አባቱ ከቀበራት በኋላ አመዱን ሲቆፍር፣ ከአቃጣዮቹ ያንዱን ማረሻ አገኘ፤ ሰውየው እንዲያሾልለት ትቶት የሄደ ነበር። ከተቃጠለው ቤቱ በተረፈ ከሰል አግሎ አሾለው፤ አጽድቶም ከባለቤቱ አጥር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ልጁን ይዞ ወደ ጎንደር መጣ።

አዳሙ ጎንደር አንድ ጋራዥ ጠራጊ ሆኖ ገባ፤ ብረት መቅረጫውን ቶርኖ ማሽከርከር ለመደ፤ ፊደል የቆጠረው ከጎለመሰ ወዲያ ነው። ሲሸመግል ሁለት ቶርኖ ነበረው። አንደኛው ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ መቁረጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ የተበላ ነው። ሌላውን «አዲሱ» ይሉታል እንጂ እሱም ያገለገለ ነው፤ ግን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። በአሮጌው የሚሠራው ልጁ ፊልጶስ ነበር። የቱ ጋ እንደሚሰንፍ ያውቃልና በእጁ እያቃና እንከን የሌለው ሥራ ያወጣበታል። አምና ፊልጶስ የተሳፈረበት ማኪና ወገራ መንገድ ላይ ተገለበጠና ልጁ ሞተ።

ዘንድሮ ደግሞ መንገድ ሲሰፋ የሥራ ቤቱ ፈረሰ። የጓሮዋ ክፍል ከአንድ ቶርኖ በላይ አትይዝም። ሚስቱ እቴነሽ «የልጄ የእጁ ወዝ ያለው በአሮጌው ላይ ነው» አለች። የአዳሙም ልብ እዚያው ነበር። አሮጌውን አስገባ፤ አዲሱን ገዢ እስኪመጣ ግቢ ውስጥ ሸራ አለበሰው።

መጀመሪያ የሠራው የኮሶዬውን ባለ ወፍጮ የዓለምነውን ዘንግ ነው። ዓለምነው ዘንጉን ተሸክሞ ተመለሰ።

«አያ አዳሙ፣ ምነው? ወፍጮዬ ዛር እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ጠበል ልውሰደው ወይስ አንተ ታየዋለህ?»

አዳሙ ለካው። አንዱ ጫፍ ወፍሯል። አሮጌው ቶርኖ የፊልጶስን እጅ ይፈልጋል፤ የእሱ እጅ ደግሞ የቱ ጋ እንደሚያቃና አያውቅም። የመብራት ገመድ ወደ ግቢው ስቦ፣ ሸራውን ገልጦ፣ ሌላ ዘንግ በአዲሱ ሠርቶ ሰጠው። ከዚያ ገብቶ አሮጌው ተሸጦ እንደሚሄድ ለእቴነሽ ነገራት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ውዳቂ ብረት ገዢው በላቸው ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። አዳሙ «ቆዩ» አላቸውና ጨርቅና ዘይት አምጥቶ ቶርኖውን ከራስጌው ጀምሮ ይወለውል ገባ።

«አያ፣ ነገ እቶን ለሚገባ ብረት ዘይት ምን ይፈይደዋል?» አለ በላቸው እየሳቀ።

እቴነሽ ከቤት ወጣች። ሌላ ጨርቅ አነሳችና ልጇ ይጨብጠው የነበረውን እጀታ ታብስ ጀመር። የበላቸው ሳቅ ቆመ።

አዳሙ ቀና ሳይል መለሰለት፦

«አባቴ ቤቱን ላቃጠለበት ሰው እንኳ ማረሻውን ከነዝገቱ አልመለሰም። እኔም ከዕድሜዬ የያዝሁት ይችኑ ነው፤ ከቤቴ የሚወጣ ነገር ጸድቶ ይውጣ። ልጄንም አጥቤ ነው የሸኘሁት።»