አጭሩ የሞተር እግር

ባለፈው ታኅሣሥ ለሥራ ጉባ ወርጄ፣ ግድቡ ባቆረው ሰፊ ውሃ ላይ አንዲት ፈጣን ጀልባ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስትከንፍ አየሁ። አብሮኝ የነበረው መሐንዲስ ስለ ውሃው ጥልቀት ያስረዳኛል፤ የእኔ ጆሮ ግን ሞተሩ ላይ ነበር። ሃምሳን ማለፌን ረስቼ ልቤ ዘለለ።

አሶሳ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር የጤና ቢሯችን ማንጎ ዛፍ ሥር ያለ የኪራይ ቤት ነው። ዓባይን ተሻግሮ ለሚከትበው ቡድን ቀላልና ፈጣን ጀልባ መጣችለት፤ መካኒኩ እኔ ብቻ ነኝ። ሞተሩ የመጣበት ሳጥን ውስጥ ሁለት የሞተር እግር አገኘሁ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባው፣ ፕሮፔለሩን የሚይዘው የታችኛው ክፍል ማለት ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ማኑዋሉ ረጅሙን ስላለ ረጅሙን ገጠምኩ።

የካቲት ላይ ወንዙ ሲጎድል እግሩ ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ አላስኬድ አለን። ሞተሩን አንስተን ስንቀዝፍ ዋልን። ማዶ ካለው መንደር ስንደርስ የክትባት ሳጥኑ በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር። ነርሷ ሲስተር ዘውዴ ብልቃጦቹን መልሳ ሳጥን ውስጥ ከተተች።

በወሩ እዚያው መንደር ኩፍኝ ገባ ተባለ።

ቀዛፊያችን ጋሽ ኢድሪስ የበርታ ሰው ናቸው፤ ወንዙን እንደ ደጃቸው ያውቁታል። ሞተሩን በእግራቸው ነካ አድርገው፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄ ረጅም ነው። ድንጋይ ሁሉ ይነካል። አጭሩ ይሻላል፣ ወላሂ» አሉኝ።

ኃላፊዬን ሳማክር፣ «ማኑዋሉን አትንካ! ሞተሩ ቢቃጠል ከራስህ አልወርድም» አለኝ። ስጋቱ እውነት ነበረው። አጭሩ እግር ፕሮፔለሩን ወደ ላይ ስለሚያቀርበው በውሃ ፈንታ አየር ሊስብ ይችላል።

ወደዚያው መንደር ለመመለስ በመንጌ በኩል አቧራ ስንጠጣ ውለን ዓባይ ዳር አደርን። ሲነጋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ በልተን፣ የኃላፊዬን ቃል ጥሼ አጭሩን ገጠምኩ።

ገና መሐል ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ። ፕሮፔለሩ አየር እየቆረጠ ነው! ጀልባዋ ቆመች፤ ጅረቱም ወደ ታች ይገፋን ጀመር።

«አጥፋው!» አለች ሲስተር ዘውዴ።

ጋሽ ኢድሪስ ግን ከፊት ዘለው ተነሡ። «ሰው ወደ ኋላ! ሳጥን ወደ ኋላ! ጀልባ ከኋላ ይክበድ!»

የበረዶ ሳጥኑን ጎትተን ሁላችንም ከኋላ ተጨናንቀን ተቀመጥን። የሞተሩ ጩኸት ወፈረ፣ ፕሮፔለሩ ውሃውን ነከሰ፣ ጀልባዋ ተወረወረች! የማቀዝቀዣው ውሃ ከሞተሩ ጎን እንደ ክር ሲፈስ ሳይ እንደማይቃጠል አውቄ ተረጋጋሁ። ያ የየካቲቱ አለት ከሥራችን ጥቁር ሆኖ አለፈ፤ ጫፉ እንኳን አልነካንም። ጋሽ ኢድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ሳቁ፤ እኔም ሳላውቀው እጮህ ነበር።

ሲስተር ዘውዴ መንደሩ ደርሳ ሳጥኑን ስትከፍት በረዶው ገና ድንጋይ ነው። እስኪመሽ ከተበች፤ የሕፃናቱ ለቅሶ ያን ቀን ደስ የሚል ድምፅ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ግን አልቀረልኝም። ኃላፊዬ አልተቆጣም፤ ደብዳቤውን በእጄ ሰጥቶኝ፣ «ሞተሩ እንዴት ሆነ?» ብቻ አለ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከመፈረሜ በፊት ያጠፋውን ወጣት አስቀምጬ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ እፈርማለሁ። አንዳንዱ ግን ሲነግረኝ ድምፁ ይፈጥናል፣ እጁ ይወራጫል። ያኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» እለዋለሁ።