ላባው እና የመድኃኒቱ ወረቀት

ባሌ ፀጉር ቆራጭ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ደንበኞቹ «ላባው» ይሉታል፣ ምላጩ ቆዳ ላይ ሲያልፍ አይታወቅም እያሉ። እኔ ሲያቆላምጡት ነው ብዬ እስቅ ነበር። በር ሲዘጋ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ፣ ኩባያ ሲያጥብ እጀታውን የሚገነጥል ሰው እንዴት ሆኖ ነው ላባ የሚባለው?

ሱቁ ከምንኖርበት ክፍል ሥር ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለው። ፎጣ የማጥበውና ወለሉን የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ ከእኔ የሚሰወር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባሌ የስኳር በሽታ ካለበት ቆይቷል። በኋላ ግን ውስጥ እግሩን ያቃጥለው ጀመር። «ፍም ላይ ቆሜ ነው የምሠራው» ይለኛል። ማታ ማታ አንሶላ ሲነካው እንኳ ይዘላል። ሐኪሙ ስኳሩ የእግሩን ነርቭ እንደጎዳው ነገረውና ለነርቭ ሕመም የሚሆን እንክብል አዘዘለት። እየቆየ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔም አብሬ ተኛሁ። ተመስገን አልን።

ደስታችን ሳይከርም ሱቁ ውስጥ ነገር ተለወጠ። ጺም የሚላጭ ሲመጣ «በማሽን ላሳጥርልህ፣ አሁን ፋሽኑ እሱ ነው» ማለት አመጣ። ባሌና ፋሽን! የሚለብሰው ካፖርት ከመጋባታችን በፊት የተገዛ ነው። ጡረታ የወጡት መምህር፣ በምላጭ ካልተላጩ የማይሆንላቸው ደንበኛው፣ ወንበሩ ላይ ተደላድለው «ምላጩን ምን በላው?» ቢሉት «ደንዟል» ብሎ ሸኛቸው። ላባው ምላጭ ደነዘ ሲል! ያኔ ሆዴ ጠረጠረ።

በማግስቱ ከወንበሩ ጀርባ ጫማውን አውልቆ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ አገኘሁት። እግሩ እንደገና ጀምሮታል ማለት ነው። ነጭ ጋውኑን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ደግሞ መድኃኒቱ ወጣ። ከግማሽ በላዩ አልተነካም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ተሽሎኛል ብዬ ነው።»

«በባዶ እግር የሚያስቆም መሻል አለ እንዴ?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የደንበኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። የመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝበት ገልጦ ኖሯል። ከላይ በደማቁ «ለሚጥል በሽታ» ይላል። ከዚያ በታች አላነበበም፤ አጣጥፎ መለሰው።

«የሚጥል በሽታ ይዞኝ ሐኪሙ ደብቆኝ ነው፤ እንክብሉን መዋጥ በሽታውን አምኖ መቀበል መሰለኝና ተውኩት» አለ። «እኔ በሽታው አይደለም ያስፈራኝ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን ሰጥቶኝ እያለ ብወድቅስ? ምላጩን እንዴት አድርጌ ልያዝ?»

ልቆጣው ነበር የተነሳሁት፤ ቁጣው ከየት እንደሄደ እንጃ። አንጀቴን በላው። በሩን ዘጋሁና እጁን ይዤ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰድኩት።

ፋርማሲስቷ የልጃችን እኩያ ናት። ነገሩን ስነግራት አልሳቀችም፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። ወረቀቱን ዘርግታ ገለበጠችው።

«ጋሼ፣ ከጀርባው ምን ይላል?»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ረስቶ ሲፈልግ አወረድኩለት። «ለነርቭ ሕመም» ብሎ አነበበ።

«አዩ፣ ይሄ ወረቀት የሚያወራው ስለ መድኃኒቱ ነው። ለማን ለማን እንደሚሰጥ ሁሉንም ይዘረዝራል። ለእርስዎ የተባለው እኔ ሳጥኑ ላይ የለጠፍኩት ነው፤ ስምዎም ያለው እዚያ ላይ ነው።» ከዚያ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «ይህን መድኃኒት በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ደግሞ አይገባም፤ እሱም ተጽፏል።»

ሐኪሙ ጋ ደውላ እንደገና እንዴት እንደሚጀምር ጠየቀችለት። ማታ ማታ፣ ከትንሹ ተነስቶ፣ ሐኪሙ ሲል ብቻ እየጨመረ። አዲስ ጽፋ ለጠፈችለት። ኪሱ ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ስትጠይቀው ደግሞ እንደ ከረሜላ የሚበላውን የቃር ኪኒን አወጣ። እሱንም ከዚህ ጋር አብሮ እንዳይውጥ፣ አራርቆ እንዲወስድ ነገረችው።

«ምላጬስ?» አላት። የመጣበት ጥያቄ ይሄ ነበር።

«እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልዎ፣ ሊያዞርዎ ይችላል። እንዴት እንደሚያደርግዎ ሳይለዩ ስለት አይያዙ። ሐኪሙ ይይዎትና ይመለሱበታል።»

መድኃኒቱ እንዴት እንዳደረገው ለማየት በየጠዋቱ መርፌና ክር እሰጠው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ ቡዝዝ ብሎ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ጎን ይወጋል። «ልብስ ሰፊ ልታደርጊኝ ነው?» እያለ ያጉረመርማል። እየቆየ ግን ገና ሳልቀመጥ አስገብቶ ይሰጠኝ ጀመር። እግሩም በረደለት። ቀጠሮው ደርሶ ሐኪሙ አይቶት፣ አስቁሞ አስኪዶት፣ ወደ ምላጭህ ተመለስ አለው።

ያም ሆኖ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ምላጩን አውጥቶ ያየዋል እንጂ አይነካውም። መምህሩ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ይዘው ይጠብቃሉ። አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ያን ወንበር ወልውዬዋለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ማጅራቴን አጽዳልኝ።»

መስታወቱ ውስጥ አየኝ። ፈርቼ ነበር፤ ምላጩን ሳይሆን እጁ ቢንቀጠቀጥ ፊቱ ምን እንደሚሆን ነው የፈራሁት። እንዳላየው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሳሙናው ቀዘቀዘኝ። ከኋላዬ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ሌላ ግን ምንም የለም። ጠበቅኩ። መምህሩ ጋዜጣቸውን ማገላበጥ ትተዋል።

«በል ጀምር እንጂ!» አልኩት፣ ማልቀስ እየቃጣኝ።

«ኧረ ጨርሻለሁ» አለኝ።