ለአክስቴ ምላስ የሆንኩበት ሠርግ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከኮምቦልቻ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞልኝ መጣ። ሐይቁ በሚታይበት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ እየበላን ነበር። ጠርሙሱን አዙሮ ጀርባው ላይ የተጻፈውን እየተረጎመ አነበበልኝ። «የበሰለ እንጆሪ፣ ትንሽ ትንባሆ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቆዳ ጣዕም አለው ይላል፣ እማ።»

«ቆዳ? ጫማ ሰፊ ነው እንዴ የጠመቀው?» አልኩት።

እየሳቀ ቀዳልኝ። «እስቲ አንቺን ምን ምን አለሽ?»

ጎንጨት አልኩና አፌ ውስጥ ትንሽ አቆየሁት። «ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ከርሞ መስከረም ላይ የተከፈተ የመማሪያ ክፍል» አልኩት። ዕድሜዋን በማስተማር የጨረሰች ሴት ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ልጄ ሳቁ እስኪያንቀው ድረስ ሳቀ። «ይሄን ደግሞ ከየት ተማርሽው?» ሲለኝ ነው፣ ለማንም አውርቼው የማላውቀውን የአድማሱን ሠርግ የነገርኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደሴ የመምህርነት ትምህርት ላይ ነበርኩ። አድማሱ የአጎቴ የአያሌው ልጅ ነው፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነበርና ከሳምንት በፊት ለሥራ ተጠራሁ። ውጫሌ ከመኪና ወርጄ ወደ አምባሰል ገደሎች በእግሬ ገባሁ። የጥር መንገድ ደስ ይላል። ጭቃ የለም፣ ጠዋቱ ይበርዳል፣ ከአውድማው የሚነሳው የገለባ ብናኝ ፀሐይ ላይ ወርቅ ይመስላል። በየገደሉ አፋፍ እሬቱ አብቦ ቀልቷል፤ ንቡም እሱ ላይ ሰፍሯል። የአጎቴ ሚስት አክስቴ ዘነቡ ጠጅ የምትጥለው ከዚያ አገር ማር ነው። በጠጅ እጇ አገር ያውቃታል፤ ልጅ የሚድር ሁሉ «ዘነቡ ትቅመስልን» ይል ነበር።

ስደርስ አክስቴ ራሷን በነጠላ ጠፍራ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ብርቄ፣ የኔ ዓለም፣ ጉድ ሆንኩልሽ» አለችኝ። «ጉንፋኑ አፍንጫዬን ደፈነው፣ ምላሴም አብሮ ሄደ። ወጡም ውሃውም አንድ ሆኖብኛል። ጠጁ ይድረስ አይድረስ በምን ልወቅ?»

«ሌላ ሰው አታስቀምሺም?»

«ለማን ብዬ እነግራለሁ? ዘነቡ ምላሷ ሞተ ሊባል ነው እኮ። በይ ነይ፣ አንቺ ምላስ ሁኚኝ።»

እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ሦስት ጋኖች አፋቸው ታስሮ ተደርድረዋል። ከመጀመሪያው በትንሽ ቅል ቀድታ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። ምን እንደምል ጨነቀኝ። ጠጅ መቅመስ አላውቅም፤ ጌሾው፣ ማሩ፣ እርሾው የሚባለውን የባለሙያ ቋንቋ አልተማርኩም። ስለዚህ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ይሄ በር ላይ ቆሞ ‹ቤቶች› የሚል እንግዳ ነው። ገና አልገባም።»

አክስቴ አፍጥጣ አየችኝ። ልትቆጣኝ ነው ስል ራሷን ነቀነቀች። «ገባኝ። ጌሾው አልያዘውም። ሦስት ቀን ይቆይ።»

ሁለተኛውን ሰጠችኝ። «ይቺ ደግሞ ክፉ አማት ናት። ጉንጭ ስማ ስታበቃ ከኋላ ትቆነጥጣለች።»

«ጌሾው በዝቷል ማለት ነው። ማር ይጨመርለታል።»

ሦስተኛውን ቀመስኩ። ቀዝቀዝ ብሎ ጀመረ፤ ቀጥሎ የእሬት አበባ መጣ፤ ከዋጥኩት በኋላ ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ወጣ። ይህንኑ ነገርኳት። አክስቴ ቅሉን ከእጄ ተቀብላ ለራሷም ፉት አለች፤ ምንም ጣዕም አልተሰማትም፤ ግን ፊቷ በራ።

«ደርሷል» አለች።

በየቀኑ እየቀመስኩ፣ እየተረጎመችኝ፣ ሠርጉ ደረሰ። በዚያ አገር ድግስ ሁለት ዳስ መጣሉ ደንብ ነው። አንዱ የክርስቲያኑ፣ ሌላው የሙስሊሙ ጎረቤት ነው፤ የዚያኛው በሬ በእነሱው እጅ ይታረዳል፣ መጠጡም ብርዝ ነው። ብርዝ ማርና ውሃ ብቻ ነው፤ ጌሾ አይነካውም፣ አያሰክርም። የሙስሊሞቹ ዳስ ታላቅ ሐጂ ይማም ነበሩ። ከአጎቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያረሱ፣ አንዱ ሲታመም የሌላውን ማሳ ያጨዱ ወዳጆች ናቸው።

በሠርጉ ጠዋት አክስቴ የደረሰውን ጠጅ ከጋኑ ወደ እንስራ ገለበጠች። ንጋት ላይ የበጠበጠችው ብርዝም በእንስራ ሆኖ አጠገቡ ቆመ። አንድ ብጫቂ አረንጓዴ ጨርቅ ሰጠችኝ።

«እያንዳንዱን ቅመሽና ብርዝ የሆነውን አንገቱ ላይ እሰሪበት። አሳላፊዎቹ አረንጓዴ ያለበትን ብቻ ነው ወደ ሐጂ ዳስ የሚወስዱት። ልብ በይ፣ ልጄ!»

ልብ አላልኩም። ብርዙን ቀመስኩ፤ ተኝቶ የሚስቅ ሕፃን ነው አልኩ ለራሴ፤ በአባባሌ ተደሰትኩ። ጠጁን ቀመስኩ። እንደገና ቀመስኩ። የተሻለ አባባል ፍለጋ ደጋገምኩት። የቀመስኩትን ደግሞ መዋጥ እንጂ መትፋት ማንም አልነገረኝም። ጉንጬ ሞቀ፣ ጓዳው ትንሽ ዞረ፣ ለብቻዬ እየሳቅኩ ጨርቁን አሰርኩና ወደ ዘፈኑ ወጣሁ።

ምሳ ላይ በክርስቲያኖቹ ዳስ እንጀራ ሳቀርብ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ጠጅ የሚያውቁ ሽማግሌ ብርሌያቸውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ተመለከቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ዘነቡ ዘንድሮ ምን ነካት? ይሄ ለአራስ የተበጠበጠ ማር ነው እንጂ ጠጅ ነው?»

ሰው ሳቀ። ብርሌውን ከእጃቸው ተቀብዬ ቀመስኩ። ብርዝ ነው። ብርዙ እዚህ ከሆነ፣ ጠጁ የት ነው?

ሌማቱን ጥዬ ሮጥኩ። ሁለተኛው ዳስ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ያቺን ጥቂት እርምጃ ስሮጥ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብታ ያልነኩ ሽማግሌዎች ናቸው። ቢጠጡት አጎቴ በምን ዓይኑ ሐጂን ያያል? ያንን ሁሉ ዘመን በአንድ ብጫቂ ጨርቅ ገደልኩት።

ደረስኩ። ብርጭቆው ተቀድቶ በየሰዉ ፊት ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። ሐጂ ይማም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ላይ ናቸው። ለሙሽሮቹ ለምነዋል፤ አሁን ለተማሪዎች እየለመኑ ነው፤ ቀጥለው ለመንገደኞች፣ ቀጥለው ለበልጉ ዝናብ። ዳሱን የሞላው ጀማዓ «አሚን!» ይላል። ዱዓ አቋርጬ ምን ልበል? ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴን አዩና ዱዓቸውን እዚያው ላይ ዘጉት።

«ምነው ልጄ?»

«አባባ ሐጂ፣ ብርዙ… ቆይቶ ሞቋል። ቀዝቀዝ ያለ አለ፣ ልለውጥላችሁ ብዬ ነው።»

«ለውጪ፣ ለውጪ። ያ ጀማዓ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቀዝቃዛው እየመጣ ነው።»

ብርጭቆውን አንድ ሳላስቀር ለቅሜ ወሰድኩ። በሌላ ብርጭቆ፣ ሦስት ጊዜ የቀመስኩትን ብርዝ ራሴ ቀዳሁላቸው። ሐጂ ፉት ብለው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ደረቴ ላይ የተጫነኝ ድንጋይ ወረደ። ጓዳ ገብቼ ለአክስቴ ስነግራት መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ይገባኛል።

ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲቃረብ ሐጂ ለመሄድ ሲነሱ በዓይናቸው ጠሩኝ። ከሰው ነጠል አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዱዓው ረዘመብሽ?»

«ኧረ አባባ፣ እንኳንም ረዘመ።»

«ብርጭቆው ገና ሲቀመጥ ሽታው ነገረኝ። ጠጅ ነው ብዬ ብናገር አያሌው በልጁ ሠርግ ቀን ያፍራል። ዝም ብል ሰዉ ይጠጣል። አላህ አንድ ሰው እስኪልክልኝ ዱዓውን መጎተት ያዝኩ።»

«ባልመጣስ ኖሮ?»

ጢማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። «ለዝናቡ ጨርሼ ነበር። ቀጥሎ ለከብቶቹ፣ ከዚያ ለንቦቹ። አብሽሪ ልጄ፣ የሚለመንለት ነገር ሞልቷል።»

አጎቴ አያሌው ይህን ሳያውቅ አረፈ። ሐጂም ለማንም ሳይተነፍሱ ተከተሉት፤ አክስቴም እንደዚያው። ልጄ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ሐይቁን አየ። ጀልባዎቹ ወደ ዳር እየገቡ ነበር። እኔም ይህን ያህል ዓመት የተሸከምኩትን በማውረዴ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በቤተ ክርስቲያንም በዱዓም ጸሎት ሲረዝም ሰው ይቁነጠነጣል፣ ሰዓቱን ያያል። እኔ ግን ከዚያ ሠርግ ወዲህ አልቸኩልም። ማን ያውቃል፣ አንድ እየሮጠ ያለ ሰው እስኪደርስ እየተጠበቀ ይሆናል።