ከጾም የተፈታው ውሻ

ስለ ውሻ እኔ የማላውቀው ነገር ካለ፣ ውሻው ራሱም አያውቀውም። ጉለሌ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሻ አሳድጌአለሁ። ጅብ ከእንጦጦ ሲወርድ የእኛን አጥር በሩቁ ዞሮ የሚያልፈው በእኔ ውሾች ምክንያት ነው እያልኩ ለመንደሩ ሳወራ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ግን የዚህ ሁሉ እውቀት ውጤት የግቢው በር ሥር ተኝቶ ነበር። የጎን አጥንቱ ከመንገድ ማዶ የሚቆጠር፣ ጀርባው የተመለጠ፣ አንድ እርምጃ ተራምዶ ሦስት ጊዜ የሚያክ ቡናማ ውሻ። ሲያክ የኋላ እግሩ የቆርቆሮውን በር ስለሚደበድብ፣ ጎረቤቱ እንግዳ የመጣ እየመሰለው "ማነው?" ይላል። ሌባ ቢመጣም ያው ነው፤ "ውሻው ነው" ብለን ተኝተን እንዘረፋለን።

ግቢያችን የቀበሌ ቤቶች ግቢ ነው፤ አምስት ቤተሰብ በአንድ በር እንገባለን። ታላቃችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። አንድ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

"ስማ፣ ይሄ ውሻ እከክ ይዞታል። ልጆቹ ላይ ሳያራግፈው አንድ ነገር አድርግ።"

"እያከምኩት ነው እኮ።"

"በምን?"

ከጋራዥ ለምኜ ያመጣሁትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር የቀባሁት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እሳቸውም አይተውታል፤ ሊያሳጡኝ ነው የጠየቁኝ።

"እስከ ፋሲካ እንታገስሃለን። በፋሲካ እንዲህ እንደሆነ ካገኘነው እንጦጦ ወስደን እንተወዋለን። ተነጋግረን ጨርሰናል።"

እንጦጦ ጫካ የተተወ ውሻ እንደማይመለስ የጉለሌ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጅቡ የት እንዳለ ውሻው ባያውቅም፣ ውሻው የት እንዳለ ጅቡ ያውቃል። እኔ ደግሞ ስለ ውሻዬ ብቻ ሳይሆን ያለ እኔ "ተነጋግረን ጨርሰናል" በመባሉ እልህ ያዘኝ። በዚያው ቀን አንገቱን በገመድ አስሬ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለች አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ከቆዳው በምላጭ ፋቅ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አየች፣ ሚዛን ላይ አስቆመችው፣ ከዚያ ወረቀትና ብዕር አወጣች።

"እከክ አይደለም፤ ሰው ላይም ሌላ እንስሳ ላይም አይተላለፍም። ምንድን ነው የሚበላው?"

"የቤቱን ትራፊ። እኛ የምንበላውን።"

"አሁን እናንተ ምን ትበላላችሁ?"

"ሁዳዴ አይደል? ሽሮ ነው፣ ምስር ነው።"

"እሱስ?"

"እሱም ይጾማል።"

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ስቄ ላልፈው ፈልጌ ነበር። ምክንያቱም ይሄ ነገር የዓመታት ቀልዴ ነው። "የእኔ ውሻ ከቄሱ የተሻለ ጾመኛ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አጥንት ብትወረውርለት ፊቱን ያዞራል" እያልኩ ስንቱን አስቄበታለሁ። እሷ ግን ፈገግም አላለች።

"ጾም በገባ ቁጥር፣ አሁን ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያለበት ሽሮ ነው የሚበላው ማለት ነው። ዐሥራ አራት ኪሎ ነው፤ ቢያንስ ሃያ መሆን ነበረበት። ቆዳው የሚሠራበት ነገር ከየት ያምጣ? ዘይቱንስ ማን ቀባው?"

"ጎረቤት ነው" አልኩ።

የሆድ ትልና የቁንጫ መድኃኒት ሰጠችኝ። ትልቁ መድኃኒት ግን ድስት ውስጥ ነው አለች፤ በቀን ግማሽ ኪሎ የተቀቀለ ቁርጥራጭ ሥጋና ሳንባ ከሩዝ ጋር፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ፣ አልፎ አልፎም እንቁላል። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ። በየሁለት ሳምንቱ ይመዘናል።

ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች፤ "የእኔን ድስት እንዳትነካ።" እኔም አሮጌ ድስት ገዝቼ፣ ከሰል ማንደጃዬን ግቢው መሀል ዘረጋሁ። ጓሮ መደበቅ እችል ነበር። አልተደበቅኩም።

ሥጋው የሚገኘው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፤ የእኛዎቹ ተዘግተዋል። ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ባለ ሥጋ ቤት ትእዛዜን ሰምተው ቢላቸውን እየሳሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ውሻው ስንት እግር አለው?"

"አራት ነዋ ሐጂ።"

"አይ፣ በዚህ ወር ለውሻ ብለው የሚገዙኝ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ውሾች ባለ ሁለት እግር ናቸው።"

ሌላው ሰው በሁዳዴ ሥጋ ሲገዛ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ያንንም በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚሄደው። እኔ ነጭ ፌስታል ጠየቅኩ። ሳንባው ወለል ብሎ እየታየ፣ ዊንጌት ታክሲ ማቆሚያው ጋ ሰልፉን መሀል ለመሀል ሰንጥቄ አለፍኩ። የሚያውቁኝ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለውሻዬ ነው!" አልኳቸው። ማንም አላመነኝም፤ ደንታም አልሰጠኝ።

ድስቱ ሲፈላ ሽታው አምስቱንም ቤት አዳረሰ። ሃምሳ አለቃ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወጡ።

"በአብይ ጾም ሥጋ ይቀቅላል! አንተ ሰው እግዜርን አትፈራም?"

"ሃምሳ አለቃ፣ ውሻው ክርስትና አልተነሳም። ካላመኑኝ ደብሩ ሄደው መዝገቡን ያስፈትሹ።"

"ሰው ያማሃል።"

"ይማኝ። እስከ ፋሲካ ቀን ሰጥታችሁኛል፤ በሽሮ ግን የሚወፍር ቢኖር ኖሮ እኔና እርስዎ ዝሆን እናክል ነበር።"

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ተመለሱ። እኔም በየቀኑ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲመለስ ጠብቄ፣ የድስቱን ክዳን ከፈት አደርግ ነበር። ይሄ ለውሻው ጤና አስፈላጊ አልነበረም፤ ለእኔ ጤና ግን አስፈላጊ ነበር።

በሁለት ሳምንቱ ዐሥራ አምስት ኪሎ ተኩል፣ በአራት ሳምንቱ ዐሥራ ሰባት ሆነ። ማከኩ ቀነሰ። የተመለጠው ጀርባው ላይ እንደ ክረምት ሣር ያለ ስስ ጸጉር ብቅ አለ፤ በሩም መደብደቡ ቆመና ጎረቤት ዝምታው ግራ ገባው።

በስድስት ሳምንቱ ስንመዝነው ግን ዐሥራ ሰባት ላይ ቆሞ ነበር። ሐኪሟ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

"መጠኑን ቀንሰዋል እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! በቀን ግማሽ ኪሎ፣ ቅንጣት አላጎደልኩም።"

"እንግዲህ ትሉ ተመልሶበት ይሆናል" ብላ ሌላ መድኃኒት ጨመረችለት።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ከእሷ ወጥቼ ቀጥታ ሐጂ ጋ ሄድኩ። ደንበኛ በተሰለፈበት፣ "ሐጂ፣ ሚዛንዎ ያጎድላል መሰለኝ፤ ውሻዬ ከሳብኝ" አልኳቸው። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው አልተቆጡም። የብረቱን መመዘኛ አንስተው አሳዩኝ፣ ሥጋዬን እፊቴ መዘኑ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ጭብጥ ቁርጥራጭ ከላይ ጣሉበት።

"ይሄ የእኔ ነው። እንስሳ ማብላትም ምንዳ አለው።"

አሸንፌ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻው በደንብ በላ።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት፣ ሃምሳ አለቃ ሊያዩት መጡ። እንደ ወታደር ሰልፍ ፊቱ ቆመው መረመሩት፤ ጸጉሩን በእጃቸው ወደ ኋላ ገልበጥ አድርገው ቆዳውን አዩ፣ የጎኑን አጥንት በጣታቸው ፈልገው በመከራ አገኙት። ውሻው እጃቸውን ላሰ።

"ይቀመጥ" አሉ። "ድስቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ዝጋው።"

ለሁለት ሳምንት ውሻው ያልጨመረው ትል ስለነበረበት አይደለም። የሐጂ ሚዛንም ልክ ነበር። በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ከድስቱ ግማሹን የበላሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ መብሰሉን ለማየት ቀመስኩ፣ ከዚያ ሙሉ ጉርሻ ሆነ፣ ከዚያ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መጠበቅ ጀመርኩ። እኛ ለድመት የምንወረውረውን ሳንባ፣ ያለ ጨው፣ ጓሮ ተደብቄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በእጄ በላሁ፤ ውሻው ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ጾሜን ገደፍኩ፣ ከከሳ ውሻ አፍ ሰረቅኩ፣ ከዚያም ሽማግሌውን በሰው ፊት ሌባ አደረግኋቸው። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።