ዋንዛው ላይ ያለችው አበባ

በጣሊያን ጊዜ አያታችሁ አርበኛ ሆኖ ዱር ገብቶ፣ እኔ ሙሽሪት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። ከጓሮዬ ዋንዛ ላይ ግንዱን በሥሯ ያቀፈች ነጭ አበባ ነበረች። ዛፉን የምትመጥ ተቀጥላ መስላኝ ልቆርጣት ስል አንድ የጣሊያን መኮንን ሲያልፍ አይቶ ጮኸብኝ። ከጎኗ አንዲት ቅርንጫፍ ገንጥሎ በማሰሮ ውስጥ ቅርፊት ላይ አስቀመጠና ጠብቂያት አለኝ። እኔም ትፋፋ ብዬ አፈርና እበት ጨመርኩላት፤ በሳምንቷ በሰበሰች። ሰውዬው አለቀሰ፤ እንስራ ቢደቀንለት ይሞላ ነበር!

ከዚያ ወዲያ የዋንዛዋን ሊያይ ማለዳ ማለዳ ይመጣል። አንድ ቀን አያታችሁ ናፍቆት አላስችል ብሎት ተደብቆ መጣ። ገና እጄን ሲይዘኝ ጣሊያኑ ከተፍ! አያታችሁ ዘሎ ዋንዛው ላይ ወጣ። ቢያዝ ስቅላት ነው።

ጣሊያኑ ከሥሩ ቆሞ በተሰባበረ አማርኛ ያስተምረኛል።

"ይቺ አፈር አትፈልግም። ዛፉን አትበላም። ጉም ትጠጣለች፣ ዛፉን ትይዛለች፣ በቃ።"

"እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ጌታው!" አልኩ።

ከላይ ቅርፊት ባርኔጣው ላይ ዱብ አለ።

"ወፍ ነው" አልኩ።

ወዲያው ከላይ፣ ሸለቆ የሚያናጋ ማስነጠስ መጣ።

"ጉንፋን የያዘው ወፍ ነው፣ ጌታው።"

ጣሊያኑ ቀና ሳይል ባርኔጣውን አራገፈ።

"እኔ ስሄድ ወፍሽ በዚያ በኩል ይውረድ" አለኝ፤ "አበባዬን እንዳይረግጥ።"