አታስደንግጡት

ነገሩ የጀመረው በጣት ነው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን የሚዛኑ ብረት ወድቆ የግራ እጄን ጣት ጨፈለቀውና ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ አንድ ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ካስጠበቀኝ በኋላ ጣቴን ጠረገ፣ አሰረ። ሊሸኘኝ ሲል ምን እንደታየው አላውቅም፣ የእጄን አንጓ ያዘና ሰዓቱን ተመለከተ። ከዚያ እኔን ተመለከተ። ከዚያ እንደገና ሰዓቱን።

«ሮጠህ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«ኧረ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚሁ ተቀምጫለሁ።»

«እህ» አለና እጄን ለቀቀው። «በል፣ ጣትህን ውሃ እንዳታስነካው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውየው ወደሚቀጥለው በሽተኛ ዞረ። እኔ ግን ያቺን «እህ» ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጣቴ በአስር ቀን ዳነ፤ «እህ» ግን ሳትድን ሁለት ዓመት አብራኝ ኖረች። ዛሬ ሰባውን አልፌያለሁ፣ ልቤም አሁን ድረስ ይሮጣል። ያኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሠላሳ አምስትን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ጣቢያው ውስጥ ባቡሩ ሲዘገይ እንኳ የማትዘገይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ነበረችን። በእሷ የልቤን ምት መቁጠር ጀመርኩ። ጠዋት ስገባ መቶ ስምንት። ከምሳ በኋላ መቶ አስራ ሁለት። የጭነት ባቡር ከመጣ መቶ ሃያ። ስቆጥር ይጨምራል፤ ስለጨመረ እፈራለሁ፤ ስለፈራሁ ደግሞ ይጨምራል። ቡና ተውኩ። በግራ ጎኔ መተኛት ተውኩ፤ ጆሮዬ ትራሱ ላይ ሲያርፍ ምቱን እሰማው ነበርና። ጾም ሲገባ ከባዶ ሆድ የመጣ ነው አልኩ፤ ጾሙ ሲፈታ ከቅባቱ ነው አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ምክንያት አያጣም።

እፈራ ነበር። ይህን ለማሳመር የምጨምረው ቃል የለኝም። ሞት ለሁሉም እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ልቤ አንዱን መትቶ ሁለተኛውን እስኪመታ ድረስ ያለችው ቅንጣት ጊዜ ነበረች። በዚያች ቅንጣት ውስጥ ባይመለስስ? በሁለት ባቡር መሃል ጣቢያው ጭር ሲል፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በጤፍና በጥጥ ጆንያ መሃል ብቻዬን ስቆም፣ አሁን እዚህ ብወድቅ ማን ያገኘኛል እያልኩ ወደ ውጭ እወጣ ነበር። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ነበሩኝ። እነሱን ሳስብ ደግሞ ይባስ ይሮጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ በዚህ በኩል አልታማም፤ ለማን ያልነገርኩት ሰው አለ? ለጣቢያው ሹም ነገርኩ። ለጎረቤት ነገርኩ። ለዕድራችን ዳኛ ነገርኩ። ጤፍ ሊያስጭኑ ከበሰቃ ወዲያ ለሚመጡ ገበሬዎች ሳይቀር ሚዛን ላይ ቆሜ ነገርኩ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አዳምጠው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ፈረስህ ሲሮጥ ደስ ይልሃል። ልብህ ሲሮጥ ምን አስለቀሰህ?» አሉኝ። ቲኬት ሻጩ ደግሞ አላስቀምጥ ይለኝ ነበር። «ያንተ ልብ ከሊቶሪናዋ ቀድማ ድሬዳዋ ትገባለች» ይላል፣ ፈጣኗን የመንገደኛ ባቡር ማለቱ ነው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ድሬዳዋ ያለው በከንቱ አይደለም። የተወለድኩት እዚያ ነው፤ አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፣ እሱ ከሞተ በኋላ እናቴ ከታናሽ እህቴ ጋር እዚያው ቀርታለች።

በመጨረሻ ባለቤቴ ምርር አላትና ጎትታ አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ራጂ ተነሳሁ። ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ከፊት አዳመጡ፣ ከኋላ አዳመጡ፣ ራጂውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩ።

«ልብህ ጤነኛ ነው» አሉኝ። «አፈጣጠሩ ፈጠን ያለ ነው። አንተ ደግሞ እየቆጠርክ ታባብሰዋለህ። ልብ አትበለው።»

ልብን ልብ አትበለው! ይህን እያወጣሁ ሳወርድ፣ «ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከባለቤቴ ጋር።»

«እስቲ እሷን አስገባትና አንተ ውጭ ቆየኝ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አበቃ አልኩ። በእኛ አገር ሐኪም ክፉውን ነገር ለበሽተኛው እንደማይነግር ሕፃንም ያውቃል። ለበሽተኛው «ደህና ነህ» ይለዋል፤ እውነቱን ለዘመድ ነው የሚነግረው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ መቶ ሠላሳ ሁለት። ባለቤቴ ስትወጣ ፊቷን አየሁት።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። እንዳይጨነቅ ነው ያሉኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቃሊቲ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ነበር። ከቃሊቲ በኋላም አላየችኝም።

ይህ በክረምቱ መጨረሻ ነው። ጥቅምት ሲገባ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ስደርስ ሹሙ፣ ቲኬት ሻጩና የሐዲድ ጠባቂው ስልኩን ከበው ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ሹሙ ለልጄ ክርስትና እንኳ ፈቃድ የከለከሉኝ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ወንዙ ማዶ ይሰማል። የዚያን ቀን ግን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ዛሬ ያን ያህል ሥራ የለም። ቤትህ ሄደህ አረፍ በል» አሉኝ፤ በለሰለሰ ድምፅ። ከጀርባቸው የሚጫን ፉርጎ ቆሞ ይታየኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሻንጣ ትሸክፋለች። ናዝሬት ያሉት አክስቷ ታመው መልእክት መጣ አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «የማገዶው ጭስ ነው» አለች። ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እኔው ጣቢያ ድረስ ሸኝቻት በባቡር ሄደች። በአምስተኛው ቀን ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «ጉንፋን ያዘኝ» አለች። አክስቷ ተሽሏቸው እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ደግ ሆነብኝ። እንዲህ ያለ ደግነት በጠላቴም አይድረስ። ከባድ ዕቃ ሳነሳ ከእጄ ይቀሙኛል። ሹሙ ወንበራቸውን ይለቁልኛል። ጎረቤታችን ዘወትር ስለ አጥር የምትጨቃጨቀኝ ሴት ወጥ ላከችልኝ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ቲኬት ሻጩ ነው። መቀለድ አቆመ። ስገባ «ደህና አደርክ ወንድሜ» ይለኛል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። ሲቀልድብኝ እናደድ ነበር፤ ሲተው ግን ቀልድብኝ ብዬ ልለምነው ቃጣኝ።

ከእህቴ ደብዳቤ መጣ። ሌላ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ የምትጽፍ ልጅ ግማሽ ገጽ ብቻ ጽፋለች። «ወንድሜ ሆይ፣ ራስህን ጠብቅ፣ ስለ ልብህ ሁላችንም እንጸልያለን» ይላል። እዚያቺ መስመር ላይ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ድሬዳዋ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ልጆች አሉኝ፣ ቤቴን ላስተካክል» አልኳቸው። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «አንተ ብቻ በርታ ልጄ። ጊዜው ሲደርስ እግዚአብሔር ይገልጥልሃል» አሉኝ። በርታ! ለጤነኛ ሰው በርታ ይባላል? ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስወጣ ዓይኔ ጭልም አለብኝና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። እየቆጠርኩ መቶ አርባ ላይ ስደርስ ተውኩት።

በእነዚያ ሳምንታት የሠራሁትን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ኑዛዜ ጻፍኩ። ልጆቼን ባየሁ ቁጥር አቅፌ ሳለቅስ ፈሩኝ፤ ትንሿ ስገባ አልጋ ሥር መደበቅ ጀመረች። ባለቤቴን፣ «ንገሪኝ፣ ስንት ጊዜ ቀረኝ?» እያልኩ ሳስጨንቃት፣ «ምንም የለብህም፣ ምንም የለብህም» እያለች ወደ ጓዳ ትገባለች። ማታ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት ታደርጋለች። እኔም በልቤ፣ ይኸው ልትነግረኝ ነው እላለሁ። ከዚያ ራት ታቀርባለች።

ኅዳር ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ ውሻችን ጮኸ። በመስኮት ብመለከት ደጃፌ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሹሙ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ቆመዋል፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ንስሐ አባቴ፣ ቲኬት ሻጩ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የጎረቤት ሴቶች። በማለዳ እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም አይጠፋውም። መርዶ ነው። ከሁሉም ኋላ ግን ድሬሰሩን አየሁት። ያው የ«እህ» ሰውዬ፣ ቦርሳውን በብብቱ ይዟል።

መርዶ ለመንገር ድሬሰር አይመጣም። ስለዚህ መርዶው የራሴ ነው። ሐኪሙ የወሰነልኝ ቀን ደርሷል፣ ሊነግሩኝ መጡ። ነገሩ አእምሮ ያለው ሰው የሚያስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያመንኩት ይህንን ነው። በሩን ማን እንደከፈተ አላስታውስም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ድሬሰሩ አጠገቤ ተቀምጦ አንጓዬን ያዘ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር።

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጠንከር በል» አሉ። «የሰው ልጅ ለዚህ ነው የተፈጠረው። እናትህ አርፈዋል። ሠላሳ ስድስት ቀን ሆናቸው። ሐኪሙ አታስደንግጡት ስላለ ነው እስከ ዛሬ የያዝነው። አርባቸው ዓርብ ነው፣ ለእሱ እንኳ እንድትደርስ ብለን ነው።»

እኔ አይደለሁም።

ከዚህ በፊት የመጣ ሌላ ሐሳብ የለም። እናቴ የሚለው ቃል ጆሮዬ ገብቶ ትርጉሙ ሳይደርስ፣ «እኔ አይደለሁም» ደረሰ። ደረቴ ላይ ለወራት የተጨበጠ ነገር ተፈታ፣ አየር ገባኝ፣ ደስ አለኝ። ቃሉን አላለዝበውም፤ ደስ አለኝ። ምናልባት አንድ ትንፋሽ ያህል ቢቆይ ነው። ከዚያ እናቴ ደረሰችና መሬት ወድቄ እንደ ሰው ሁሉ ጮህኩ።

ድሬሰሩ እጄን ሳይለቅ ሰዓቱን አየ። «ደህና ነው፣ አትፍሩ። ሰማንያ ነው» አለ ለሰዉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰማንያ ሆኖ አያውቅም። ሴቶቹ እያለቀሱ አመሰገኑ። «ልቡ ቻለለት፣ ጠንካራ ነው» አሉ። ለምን እንደረጋ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ጻፍኩት።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር በሊቶሪና ወደ ድሬዳዋ ተሳፈርን። ናዝሬት ያልኳችሁ አክስት በሽታ እንደሌላቸው ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ የሄደችው እናቴን ልታለቅስ ነበር፤ ድምፅዋ የተዘጋውም እዚያ ነው። ከደብረ ዘይት በኋላ ንዴቱ መጣ። እናቴን አፈር አላለበስኳትም። ሠላሳ ስድስት ቀን ሙሉ መንደር አልቅሶ እኔ ስለ ራሴ ስቆጥር ኖርኩ። ለጣቢያው ሹም የተነገረ፣ ለጎረቤት የተነገረ፣ ለልጇ ተደበቀ። ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ ሞጆ ስንደርስ ግን አልቻልኩም።

«ይህን ሁሉ ቀን እንዴት ቻልሽው?» አልኳት።

ተሳፋሪው ወረደ፣ ሌላ ተሳፈረ።

«መጀመሪያ ሐኪሙ ያሉትን ፈርቼ ነው» አለች። «ሳምንት ሲያልፍ ግን ከበደኝ። ‹እናቴስ እንዴት ናት?› ብሎ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ፣ በሟች አልዋሽም ብዬ ከራሴ ጋር ማልኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ዛሬ ይጠይቀኛል እያልኩ በር ላይ ጠበቅኩህ።»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አንድ ቀንም አልጠየቅከኝም» አለች።