ከምርጫ ጣቢያው ፊት ለፊት

በእንግሊዝ አገር ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣ ከምርጫ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። የለበሱት ሰማያዊ የዓሣ አጥማጅ ሹራብ ክርኑ ላይ በቡኒ ክር ተጥፏል። አጠገባቸው ፔርሙስና ሁለት ኩባያ አለ፤ አንደኛው ሻይ አልተቀዳበትም።

በሩ ላይ ቆማ ማን መጥቶ እንደመረጠ ለፓርቲዋ የምትመዘግበው ሞሪን አላስቻላትም።

«አባባ፣ ብርዱ ሳይጨርስዎት ገብተው ይምረጡ እንጂ።»

«አልመርጥም፣ ልጄ። ከጎረቤቴ ጋር ውል አለን። የሱ ድምፅ የኔን ያጠፋል፣ የኔም የሱን። ታዲያ ምን አደከመን ብለን አርባ ዓመት ሙሉ በምርጫ ቀን ዓሣ ስናጠምድ ነው የምንውለው።»

«ዛሬስ የት አሉ?»

ሽማግሌው ባዶውን ኩባያ በእጅጌያቸው ወለወሉት።

«ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ የተባለ ጊዜ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬው ሾልኬ መረጥኩ። እንውጣ ብዬ። ማታ ሞቅ ሲለኝ ከአፌ አመለጠኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ተኩል፣ እንዴት አደርክ እንኳ ብሎኝ አያውቅም።»

«እሳቸውም እኮ ዛሬ መርጠው ይሆናል።»

«መርጧል። ጠዋት በፊቴ አልፎ ገብቶ ወጣ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ውሻውን ይዞ በዚህ መመለሱ አይቀርም። እንዳልገባሁ ይየኝ ብዬ ነው።»

ሞሪን ወደ በሩ ተመለሰች። ሊዘጋ ገና ስድስት ሰዓት ይቀረዋል።